የአባቴ የጭቃ መከላከያ

አባቴ ሰው ላይ ጭቃ የረጨው በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ይህን ስናገር ለሌላው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት መኪና ነድቶ ያልረጨ፣ በእግሩ ሄዶ ያልተረጨ ማን አለ? አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ሲኖር ከሚኮራባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። ትልቅ ሹም ጭኖ በጥድፊያ ሲሄድ እንኳ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያይ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬን ረገጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚያልፈው። "የሾፌር ጠባዩ የሚታወቀው ውሃ ላይ ነው" ይል ነበር። እኛ ልጆቹ ከሀሁ እኩል የተማርናት አባባል ናት።

የዚያን እሑድ ማለዳ እናቴን ከኋላ፣ እኔን ሴት ልጁን ከፊት አስቀምጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወሰደን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ዋናው መንገድ በቅርቡ ታድሶ አስፋልቱም የእግረኛ መሄጃውም አምሮበታል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲገባ ግን ያው የድሮው ልደታ ነው፣ ድንጋዩ የተነቀለ፣ ውሃው መሄጃ ያጣ። አንድ አጥር ጥግ ላይ ውሃ ተኝቷል። ከእኔ ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አሁን ይቀንሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀነሰም። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ዘው ሲል ውሃው በቀኝ በኩል ተነሣና ነጠላቸውን ተከናንበው ጥጉን ይዘው የሚሄዱ ሴቶች ላይ ወረደ።

አባቴ ድምፃቸውን ሰምቶ ቆመ። ሌላው ቢሆን ነድቶት ይሄዳል፤ እሱ ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። "እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ፣ መኪናዋ የጭቃ መከላከያ የላትም" አላቸው። ሴቶቹም ሽበቱን አይተው "ምንም አይደል አባባ" ብለው ዋጡት። አንዷ ግን ከአናቷ እስከ ወገቧ ጭቃ ለብሳ እንዲያ ሆና ልትገባ አልቻለችም። እናቴ የራሷን ነጠላ አውልቃ ሰጠቻት፤ የሴትዮዋን ጭቃ የጠጣ ነጠላ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችና ቅዳሴው እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ቀረች።

የጭቃ መከላከያ ማለት ከጎማው ኋላ የምትንጠለጠል አራት ማዕዘን ላስቲክ ናት። ሥራዋ ጎማው እየተሽከረከረ ወደ ኋላ የሚወረውረውን ጭቃና ጠጠር መያዝ ነው። በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወደ ጎን የሚነሣውን ውሃ ግን አታቆምም፤ እሱን የሚያቆመው የሾፌሩ እግር ብቻ ነው። ይህን ያስተማረኝ ማን መሰላችሁ? ራሱ አባቴ ነው። ስለዚህ ለሴቶቹ ያላቸውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ አባቴ በውሸት የሚታማ ሰው አይደለም። የዋሸው ሌላ ሊናገረው ያልቻለ ነገር ስላለ ነው። ውሃውን አላየውም።

ከዚያ በኋላ እስከዚያ ቀን ሳልታዘበው የኖርኩት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ሻይ ሲቀዳ አንድ ጣቱን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። ዜና "ሲያይ" ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያዞረው ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን ነው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ከሰው ጋር ሲተላለፍ ቀድሞ ሰላም ማለት ትቷል። ድምፅ ከሰማ ግን በስም ጠርቶ፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ መርቆ ነው የሚለቀው። ጎረቤቶቻችን ታዝበውታል። አንዷ እናቴን ወጋ አድርጋ "ሰው መኪና ሲይዝ ሰላምታም ይረሳል መሰለኝ" አለቻት። እናቴ ይህን ስትነግረው "ይበሉ" አለ በቃ። ሰላምታን ከጸሎት የማያሳንስ ሰው ዕውር ከሚባል ኩሩ መባልን መረጠ። አንጀቴን በላው።

መኪናዋ አባቴ ጡረታ ሲወጣ የገዛት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አያንስም። የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና የራሱን መሪ ሲጨብጥ የተሰማውን ደስታ እኔ አልገልጸውም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምሳ እንኳ መኪናዋ ውስጥ ይበላ ነበር ብል ይበቃል። እናቴን ቤተ ክርስቲያን፣ እኔን ሥራ፣ ጎረቤት ሲታመም ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ሲኖር የዕድር ዕቃ፣ ሁሉንም የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ስሙ የሚጠራው በዚያች መኪና ነው። ካለሷ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ ይሆናል።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ፍርሃት ገባ። የእኔና የታላቅ ወንድሜ ፍርሃት አባታችን አንድ ቀን ሰው ይገድላል የሚል ነው። የእናቴ ፍርሃት ደግሞ ቁልፉን የተቀማ ዕለት እሱ ራሱ ይሞታል የሚል ነው። እሷ ለዚህ ምስክር አላት። አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው መኪናውን ልጆቹ ከሸጡበት በኋላ ከአልጋ ሳይነሣ ከረመና ሞተ። ሐኪሞቹ ሌላ ምክንያት ሰጥተዋል፤ እናቴ ግን በሽታው መኪናው ነው ብላ ደምድማለች።

ይህ ሁሉ በሆዳችን ነው። በአፋችን የተነጋገርነው ስለ ላስቲክ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ እሑድ ማግስት ነው። አባቴ እራት ላይ "የጭቃ መከላከያ አስገጥምላታለሁ" አለ። ወንድሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ የእሑዱን ነገር ነግሬው ስለነበር ያን ማታ የመጣው ከመንዳት ሊያስቆመው ቆርጦ ነው። አፉን ሲከፍት ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። የጭቃ መከላከያ ለእንደዚህ ያለች ዝቅ ያለች መኪና አይሆንም፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሁሉ ይመታል አለ። አባቴ አሳጥሮ ማስቆረጥ ይቻላል አለ። ወንድሜ የጭነት መኪና ያስመስላታል አለ። አባቴ ለማስመሰል አይደለም፣ ለሰው ነው አለ። እኔ ደግሞ ጣልቃ ገብቼ የሚበሳው ቀዳዳ ሰውነቷን ያዝገዋል አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እናቴ ሳህኖቹን እየሰበሰበች "ላስቲክ ነው፣ ምን አለበት ቢያስገጥም" አለች።

በማግስቱም እንደዚሁ ተከራከርን። በሦስተኛው ቀንም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። አራት ጤነኛ ሰዎች ገበታ ከበን ስለ አንዲት ቁራጭ ላስቲክ ጥቅምና ጉዳት እንደ ፓርላማ ስንሟገት ላየን ያበድን እንመስላለን። "አያስፈልግም" ስንለው "አትነዳም" ማለታችን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ "ያስፈልጋል" ሲለን "እነዳለሁ" ማለቱ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ዓይን የምትለዋን ቃል ግን ማንም አላነሣም። የገዛ አባትህን ፊቱ ላይ "አታይም" ማለት በእኛ ቤት የሚቻል ነገር አይደለም። ሌላ ቤት ይቻል እንደሆነ እንጃ።

አንድ ጊዜ ብቻ ወንድሜ ሊደፍር ሞከረ። ጓደኛው የዓይን ሐኪም ቤት እንደሚሠራ፣ ሁላችንም ለምርመራ ብንሄድ ጥሩ እንደሆነ፣ እንዲያው ለጠቅላላ ጤንነት፣ እያለ ዙሪያውን ዞረ። አባቴ ሰምቶት ሰምቶት "የእኔ ዓይን ደህና ነው። አንተ መወፈርህን ከዚህ ሆኜ አያለሁ" አለው። እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ሞተ። ወንድሜ ደረጃውን ስሸኘው ግድግዳውን በመዳፉ መታና "ሰው ሲገድል ነው የምንናገረው?" አለኝ። አባቴ መወፈሩን ያወቀው ኮቴው ስለከበደ እንጂ አይቶት እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ይግባበት ተባለ። ሽማግሌ ማለት ለእኛ የንስሐ አባታችን ናቸው። የልጆቹን ቃል የማይሰማ አባት የንስሐ አባቱን ቃል ይሰማል፤ እሳቸው "በቃህ" ካሉት ያለምንም ክርክር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ስልክ የመደወሉን ነገር እናቴ ወሰደች። እኔና ወንድሜ እፎይ አልን። ቀንበሩ ከጫንቃችን ወርዶ እሳቸው ጫንቃ ላይ የወጣ መሰለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ጃንጥላቸውን እያራገፉ መጡ። ቤቱን ባረኩ፣ መስቀል አሳለሙን፣ ተቀመጡ። አባቴ ለምን እንደመጡ ገብቶታል፤ ፊቱ ልውጥውጥ ብሏል። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው "በመኪናው ነገር ቤቱ ሰላም አጥቷል ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። እስቲ ምንድን ነው ነገሩ?" ሲሉ እኔና ወንድሜ ተያየን። እናቴ ምንጣፉን ታያለች። ያን ጊዜ ገባኝ። አልነገረቻቸውም።

አባቴም ገባው። መምህር ሳይመጣለት የቀረ ተማሪ ይመስል ፊቱ ፈካ። ቀና ብሎ ተቀመጠና ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ተረከው። በዚያ እሑድ የሆነውን፣ የሴቶቹን ነጠላ፣ የእናቴን ነጠላ፣ አንድም ሳያስቀር። ከዚያም "አባታችን፣ ወደ ቤተ እግዚአብሔር የሚሄድ ሰው ላይ ጭቃ መርጨት ኃጢአት አይደለም?" ብሎ ጠየቃቸው።

ነው እንጂ አሉ።

"እንግዲያው ያንን የሚከለክል ነገር ላስገጥም ስል ነው እነዚህ ልጆች የተነሡብኝ።"

እሳቸው ወደ እኛ ዞሩ። አስተያየታቸው ውስጥ ትንሽ ወቀሳ አለ። ወንድሜ ከንፈሩን አላቀቀ፣ መልሶ ገጠመው። እኔም አባቴ እፊቴ ተቀምጦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ካልሲ ሳይቀር አድርጎ፣ ለባዕድ ሰው ገመናውን ልገልጥበት አቅም አነሰኝ። ንስሐ አባታችን ጥቂት አሰቡና "ለሰው ታስቦ ከሆነ ላስቲክም ቢሆን ጽድቅ ነው። ይገጠም። እናንተም አባታችሁን አትቃወሙ" ብለው ፈረዱ። እንግዲህ የንስሐ አባት ፍርድ ይግባኝ የለውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ግን መስከረም ሩቅ ሆኖ ሳለ ጉዱን ሰማን።

በኋላ ጓዳ ገብቼ እናቴን ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት። ተቆጣሁ፣ አልደብቅም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች "የባሌን ዓይን በስልክ ላውራ?" አለችኝ። "ሲመጡ ይገባቸዋል ብዬ ነው። ደግሞ ዝም አይነቅዝም።" ዝም ሲነቅዝ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከእሷ ጋር ግን ክርክር አልገጠምኩም። ዓይኗ ቀልቷል።

የንስሐ አባታችን ሊሄዱ ሲነሡ ዝናብ ጀመረ። አባቴ ቁልፉን አንሥቶ "ላድርስዎት" አለ። ማን ይከልክለው? ጽድቅ ነው ተብሎ የለ። ወንድሜ ፊቱ ሲገረጣ አየሁና ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ተከትያቸው ወረድኩ። ከፊት ተቀመጥኩ፤ አባ ከኋላ ሆነው ስለ ትዕግሥት ይመክራሉ። እኔ ጆሮዬ እሳቸው ጋ አልነበረም። ከበራችን እንደወጣን ቀኝ በኩል አንድ ሚኒባስ ያለመብራት ቆሟል፤ አባቴ ቀጥታ ወደ እሱ ይነዳል። "ተጠንቀቅ" ልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ንስሐ አባቱ ፊት ማዋረድ ነው። ስለዚህ "ይኼ ሚኒባስ እዚህ ምን ያቆመዋል፣ ሰው የሚጭን እኮ አይመስልም" አልኩ፣ እንደ ጨዋታ። አባቴ "ሥርዓት የላቸውም" አለና ወደ ግራ ወጣ አለ። ትንሽ ሄደን "ያቺ ልጅ ጃንጥላዋ እንዴት ያምራል፣ ቀዩ" አልኩ። ፍሬን ያዘ፣ ልጅቷ ተሻገረች። አባን አድርሰን ሲወርዱ "ልጅህ ጥሩ ረዳት ይወጣታል" ብለው ቀለዱ። እውነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ረዳት ሆንኩ።

ላስቲኩን ያስገጠምነው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፣ የመኪና ጌጣጌጥና መለዋወጫ ከሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ። ገጣሚው ልጅ እግር አይደለም፣ የአባቴን ያህል ባይሆንም የጎለመሰ ሰው ነው። የተለያየ ዓይነት አውጥቶ ዘረጋልን። አባቴ አንዱን አንሥቶ በመዳፉ ዳበሰው፣ አጠፈው፣ ለቀቀው፣ ውፍረቱን በጥፍሩ ለካ። "ጥሩ ነው። በዚያ ላይ ጽሑፍ የሌለው መሆኑን ወደድኩት፤ ጽሑፍ ያለበትን አልወድም" አለ። በእጁ የያዘው ላስቲክ ላይ ከዳር እስከ ዳር በነጭ ቀለም "ርቀትህን ጠብቅ" ተብሎ ተጽፏል። ገጣሚው ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከአባቴ ትከሻ በላይ አየሁት፤ ራሴን ወዘወዝኩለት። አፉን ዘጋና ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማሰር ጀመረ። እየሠራም አባቴን እንደ አዲስ በአክብሮት ያናግረው ነበር፤ አዘነለት መሰለኝ። ያ አክብሮት ከሳቁ ይልቅ አመመኝ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እኔና አባቴ ከቤት እንወጣለን። መሥሪያ ቤቴ ከሜክሲኮ ወዲህ ነው፤ በእግር ብሄድ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ብቻውን ከሚነዳ ብዬ እቀመጣለሁ። ወሬኛ አይደለሁም በተፈጥሮዬ። በዚያ ክረምት ግን ያወራሁትን ያህል በዕድሜዬ አላወራሁም። "ትራፊኩ ዛሬ በጧት ወጥቷል፣ እጁንም ዘርግቷል።" "እነዚህ ተማሪዎች እየተሻገሩ ይስቃሉ፣ ምን እንዳሳቃቸው እንጃ።" "አውቶቡሱ ቆሞ አሁንም አልተንቀሳቀሰም እኮ።" እሱም እየመለሰ ይነዳል። "አዎ፣ ክረምት ነው።" "አዎ፣ ልጅነት ነው።" ለሰሚ የሚዋደዱ አባትና ልጅ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ሥራ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ መንጋጋዬ አሞኝ ነው የምወርደው። ከዚያ እሱ ብቻውን ይመለሳል። መመለሻው አጭር ነው፣ መንገዱን እንደ እጁ ያውቀዋል እያልኩ ራሴን እዋሻለሁ። ቤት መድረሱን እናቴ ደውላ እስክትነግረኝ አንድ መስመር ሥራ አልሠራም። እሷ ደግሞ ሰገነት ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው፤ የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ትለየዋለች።

አንዳንዴ ጨዋታዬ ለምን እንደሆነ እንደሚያውቅ ያሳየኛል። አንድ ጧት ተኮራርፈን ነበር፣ በማይረባ ነገር። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መኪናዋን አስነሥቶ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሳይነዳ ቆየ። "ዛሬ ጨዋታ የለም?" አለ። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረች። በሕይወቴ አባቴ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ከፊት ለፊታችን ስለተኛችው ውሻ አወራሁለት።

ጭቃ መከላከያው ምን አደረገ ብትሉኝ፣ ምንም። ጉብታ ላይ ሁሉ ቋ ይላል፣ ወንድሜ እንዳለው። አባቴ ግን ከሱ በኋላ የልብ ልብ አግኝቷል። ሰው ሲያገኝ "አስገጠምኩላት፣ አሁን ሰው ላይ አትረጭም" ይላል። ጎረቤቶችም "ጎበዝ" ይሉታል።

ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ከገባ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ዋናው መንገድ ተጨናንቆ ስለነበር በአብነት ሰፈር በኩል ልንዞር ወረድን። ካፊያ አለ፤ ሰማዩ አስፋልቱ ላይ የወረደ ይመስላል፣ ሁሉም ነገር አመድማ ነው። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ከፊታችን አንዲት ሴት መሻገር ጀምራ መሃል ላይ ጫማዋ ወለቀባት። ሐዘን ላይ ናት መሰለኝ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። ጫማዋን ልታነሣ ቁጢጥ አለች። "ያቺ ሴትዮ ጫማዋ ወልቆባት" ብዬ ጨዋታዬን ጀመርኩ።

አባቴ ግን አላስጨረሰኝም። "አየሁት፣ አየሁት። ውሃ ነው" አለ። ፊቱ በራ። ከእኔ ቀድሞ፣ ያለእኔ ጨዋታ፣ በገዛ ዓይኑ አንድ ነገር መንገድ ላይ አይቷል፤ የጠቆረ፣ ዝቅ ያለ፣ አስፋልቱ መሃል የተኛ ነገር። ማርሽ ቀነሰ። ፍሬን ረገጥ አደረገ። እንደ ድሮው፣ እንዳስተማረን፣ ውሃ ላይ እንደሚገባ ደህና ሾፌር፣ ቀስ ብሎ ሊያልፍበት ገባ። ወሬ አለቀብኝ። በጨዋታ የሚነገር አልነበረም።

"አባዬ፣ ሰው ነው" አልኩት።

ቆመ። ፍጥነቱን ባይቀንስ ኖሮ መቆሚያ አልነበረውም። የመኪናዋ አፍንጫ የሴትዮዋን ቀሚስ ነክቶታል። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች፤ አልጮኸችም፣ የሚያስጮኽ አቅም ያላት አትመስልም፤ ለቅሶ ጨርሳ የመጣች ሴት ናት። "ምነው አባቴ" አለች፣ ይኼው ነው።

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከኋላችን መኪኖች ቆመው ክላክስ ያቀልጡታል። የመኪናዋን አካል በእጁ እየዳበሰ፣ ድምፅዋ ወደመጣበት፣ ወደ ፊት ሄደ። አሁን ምን ብሎ ይዋሽ ይሆን ብዬ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፤ ውሸቱንም ልሰማ፣ ላግዘውም ፈልጌ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ ራሰ በራው ላይ ይወርዳል።

"እህቴ፣ አላየሁሽም" አላት። "ዓይኔ አያይም። ቆየ ካላየ።"

ለእናቴ ያላለውን፣ ለልጆቹ ያላለውን፣ ለንስሐ አባቱ ያላለውን፣ ስሟን ለማያውቃት ሴት መንገድ መሃል ቆሞ ነገራት። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበውም መብቷ ነው፤ ሊገድላት ነበር። እሷ መጀመሪያ እሱን አየች፣ ከዚያ የተከፈተውን የሾፌር በር፣ ከዚያ እኔን። ጫማዋን መሬት ጣል አድርጋ እግሯን አስገባች። ከዚያ ተጠግታ ክንዱን ያዘችው።

"ይምጡ በዚህ በኩል አባቴ፣ መኪና እንዳይገጭዎት" አለችው።

ይዛው ሄደች። እሱም ተከተላት። እኔ ሞተሩን ማጥፋት እንኳ ረስቼ፣ ባዶው የሾፌር ወንበር አጠገብ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። የመንገዱ ዳር ላይ ሲደርሱ ቆም አደረገችው። "እዚህ ጋ ውሃ አለ፣ እግርዎን ያንሡ" ስትለው ሰማሁ።

አባቴ እግሩን አነሣ።